በድንች የታተመ አበባ

«ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ያለችውን ሴትዮ ምን ነክቷት ነው እያልሁ ስታዘባት ኖሬአለሁ። አሁን አልታዘባትም። ሥራ የፈታ እጅ የማይነካው ነገር የለም፤ እናንተም ብትሆኑ አንድ ሰሞን ቤት ብትውሉ ደህናውን በር ነቅላችሁ እንደገና ስትገጥሙ ትገኛላችሁ። እሷስ የምታፋታት ልጅ ነበረቻት። እኔ የነበረኝ ድንች ነው።

ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። መተዳደሪያዬ አፌ ስለሆነ እንግዳ ሲጠፋ እጄም አፌም አብረው ሥራ ይፈታሉ። እንዲህ በተፈታሁበት አንድ ክረምት፣ ስልኬ ላይ አንዲት ሴት ድንች ለሁለት ገምሳ፣ ፊቱን በቢላ ቀርጻ፣ ቀለም እየነከረች ጨርቅ ላይ ስታትም አየሁ። ይቺማ ምን አላት! ከድንቹ አበባ ቀረጽሁ፤ ከአሮጌ ሸበጥ ተረከዝ ቅጠል ቆረጥሁ፤ ለክቡ ቆርኪ አለ። የላሊበላን መስቀልም ልቀርጽ አስቤ ነበር፤ ግን ሰው የሚቀመጥበት ጨርቅ ላይ ቢውልስ ብዬ ተውሁት። ጥንቃቄዬን እዩልኝ።

ጨርቅ ብቻ ጎደለ። ያሳደጉኝ አክስቴ፣ እትዬ ጥሩ፣ ገበያ ወርደዋል። ሳጥናቸውን ከፍቼ ከሥር የታጠፈ ነጭ አቡጀዲ አገኘሁ፤ የአንሶላ ትራፊ መስሎኝ ዳር እስከ ዳር በሰማያዊ አበባ ሞላሁት። ሲመለሱ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ጠበቅኋቸው። ቀረብ ብለው በጣታቸው ዳበሱት።

«ያምራል፤ እጅህ ይባረክ። ጨርቁን ከየት አመጣኸው?»

«ከሳጥንዎ ሥር።»

መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። «አይ ልጄ፣ መገነዣዬን እኮ ነው።»

ሲሞቱ የሚጠቀለሉበትን ማለታቸው ነው። ጉልበታቸው ሳይከዳቸው ያንን አቀበት አሸተን ማርያም ድረስ ይዘውት ወጥተው፣ መነኮሳቱ ጸልየውበት፣ ጸበል ተረጭቶ ነበር ያስቀመጡት። አሁን አቀበቱን አይችሉትም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በማግሥቱ አዲስ አቡጀዲ ገዛሁና፣ «እሑድ አሸተን ወጥቼ አስባርክልዎታለሁ» አልኋቸው።

እሑድ ዘነበ። የሚቀጥለው እሑድ ልቅሶ ነበረብኝ። በሦስተኛው ሁለት ፈረንጆች መጡልኝና ይዣቸው ወጣሁ። ወዴት? ወደ አሸተን። አንድ ሳላስቀር ተረክሁላቸው፤ ጨርቁ ግን ቤት ቀርቷል። የረሳሁት መስሏችሁ ይሆናል። አልረሳሁትም፤ በሩ ላይ ትዝ ብሎኝ፣ በእንግዳ ፊት መገነዣ ይዞ መሄድ አሳፍሮኝ ነው።

ስመለስ እትዬ ጥሩ፣ «አሸተን ወጥተህ ነበር አሉ» አሉኝ።

«ለሥራ ነው። የእርስዎን በሚቀጥለው።»

«ይሁን፣ ልጄ።»

ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

ጥቅምት ሳይወጣ ዐረፉ። ጸበል ያልነካውን አዲሱን ጨርቅ አንገቴን ደፍቼ ለገናዦቹ ሳቀርብ፣ የንስሐ አባታቸው እጄን ያዙኝ።

«እሱን ተወው፤ ባለ አበባውን አምጣ። ‹ልጄ ሥራ አለበት፤ አሸተን አይወጣልኝም፤ እሱ ባተመው ገንዙኝ› ብለው አደራ ሰጥተውኛል።»

«መቼ ነው የነገሩዎት፣ አባቴ?»

«አዲሱን በገዛህ ሳምንት።»

ገና የመጀመሪያው እሑድ ሳይደርስ ማለት ነው። እኔ ስምል፣ እሳቸው ያሳደጉትን ልጅ ያውቁታል።

አክስቴ በድንች አበባዬ ተጠቅልለው ሄዱ። በአርባቸው አዲሱን አቡጀዲ ይዤ አሸተን ወጣሁ፤ ጠዋት ሄጄ ለምሳ ቤቴ ነበርሁ፤ መንገዱ ይኸው ነው። አስባርኬም ከሳጥናቸው ሥር አጥፌ አስቀመጥሁት። ለራሴ ነው። እንደ እኔ ያለ ሰው እሑድ እወጣልሃለሁ ቢለኝ፣ አላምነውማ።