ቶንግ ባኦሊን የጎረቤት ሙቀት ለመማረክ የዘመቱበት ዘመቻ

ክቡር ቶንግ ባኦሊን ከጎማ ፋብሪካው በጡረታ በተሰናበቱ በአራተኛው ዓመት፣ የሶንግኋ ወንዝ በዳር በዳሩ በረዶ መያዝ ሲጀምር፣ በጂያሙሲ ከተማ፣ ባለ ሰባት ፎቅ በሆነ አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የተፈጸመው ታላቅ ሥራ ይህ ነው። ስለ አጀማመሩ ሁለት ታሪክ ይነገራል፤ ሁለቱም አይስማሙም።

አንደኛው ክቡርነታቸው ራሳቸው በሕዝብ መታጠቢያ ቤት፣ እስከ አንገታቸው ፍል ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈው የሚተርኩት ነው። በዚህ ታሪክ መሠረት የቤት ማሞቂያ ክፍያ ከዓመት ዓመት እየናረ ጡረተኛውን ሕዝብ ሲያስጨንቅ አይተው፣ በመስኮታቸው አጠገብ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ስለ ሕዝቡ ብዙ ከተከዙ በኋላ፣ ከዚያ በፊት ለማንም ያልተገለጠ ጥበብ ተገለጠላቸው።

ሁለተኛው ባለቤታቸው ሚያኦ ዩጄን አትክልት ገበያ ቆማ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም የምትናገረው ነው። በእርሷ ታሪክ ትካዜም መስኮትም የለም። ክፍያው መድረሱን የሚያስታውቀው ወረቀት በሕንፃው በር ላይ የተለጠፈ ዕለት ሰውየው ሽንት ቤት ገብተው እስኪረሱ ድረስ ቆዩ፤ ሲወጡም ቀበቷቸውን ገና ሳያጠብቁ ጥበቡን አወጁ።

ጸሐፊው ሁለቱን በሚዛን ቢያስቀምጥ የሚስቲቱ ከበደበት። ይሁን እንጂ ታላላቅ ሥራዎች መስኮት ስለሚያስፈልጋቸው የባልየውም ተጽፏል።

አዋጁን በተመለከተ ግን ሁለቱም ታሪኮች አንድ ናቸው። ክቡርነታቸው በሳሎኑ መካከል ቆመው፣ ሚስታቸውንና የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን የተሞላውን ጋን ሰብስበው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «በላያችን ሰው አለ፤ በታችን ሰው አለ፤ በግራም በቀኝም ሰው አለ። ሁሉም ያሞቃሉ። እኛ መሀል ነን። ዳቦ በሁለት በኩል ሲሞቅ መሀሉ ብርድ ይለዋል እንዴ? ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ሙቀት አይገዛም፤ በግድግዳ ይመጣል!»

ወእምዝ፣ ለየቤቱ ማሞቂያ ፍል ውሃ በቧንቧ ወደሚልከው ቢሮ ወርደው፣ የቤታቸው ቧንቧ ለዘንድሮ እንዲዘጋ ፈርመው፣ ለዘጋ ሰው የምትጠየቀውን ትንሿን ክፍያ ብቻ ከፍለው፣ ሠራተኞቹ መጥተው መዝጊያውን አጥብቀው ሲያሽጉት እንደ ምርቃት በዓል ቆመው ተመለከቱ። ያ ቀን የዘመነ ዝግ ቧንቧ መጀመሪያ ሆነ። ስማቸውም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥዩመ ቧንቧ፣ ሞአ ብርድ፣ የመካከለኛው ፎቅ ጌታ ተባለ፤ ያለውም ራሳቸው ናቸው።

የሠራዊታቸውም ስምሪት ይህ ነበር። በፊት፣ በመግቢያው በር ላይ የተሰቀለው አሮጌ ድርብ ብርድ ልብስ፣ እርሱ ፊታውራሪ ነው፤ ጉድጓዱን በተጣጠፈ ካልሲ ደፍነውለታል። በቀኝ፣ መስኮቱን የሸፈነው ፕላስቲክ፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሆዱን እየነፋ የሚያጨበጭበው፣ ቀኛዝማች። በግራ፣ ፍል ውሃ ተሞልቶ የሚታቀፈው የጎማ ከረጢት፣ አንገቱ የሚያፈስ ስለሆነ ወደ ጦርነት ሲሄድ ሁልጊዜ እያለቀሰ የሚሄደው፣ ግራዝማች። ጥጥ የተሞሉት ሱሪዎች፣ አንዱ በአንዱ ላይ የሚለበሱት፣ የክብር ዘበኛ ናቸው፤ ክቡርነታቸው እነርሱን ለብሰው ሲቀመጡ ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው እንደ መድፍ ያነጣጥሩ ነበር። በመጨረሻም ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር፣ እርሱ አፈ ንጉሥ ነው፤ ስለ እርሱ በቦታው ይነገራል። ከዚህ ሁሉ ሠራዊት በዘመቻው የተደሰተ የጎመኑ ጋን ብቻ ነበር፤ ጎመን ብርድ ይወዳልና።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድል ሆነ። ግድግዳዎቹ የቀድሞውን ሙቀት ገና አልረሱም ነበር። ክቡርነታቸው መዳፋቸውን በጣሪያው አቅጣጫ ዘርግተው «ይሰማሻል? የፌንግ ሙቀት ነው!» ይሉ ነበር፤ እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳርፈው «ይኼ ደግሞ የጂያ ነው!» ይሉ ነበር። ከላይ ያሉት እትዬ ፌንግ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ከታች ያለው ጂያ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው። ሚስትየው ግን ኮቷን ሳታወልቅ «እኔ የሚሰማኝ ያንተ ወሬ ብቻ ነው» ብላ አለፈች።

በዚያ ወራት ከዳሊያን ከተማ፣ እዚያ ካገባችው ከአንዲቷ ልጃቸው ከሹዌሜይ፣ በስልክ የድምፅ መልእክት መጣ፦ «አባዬ፣ ለጨረቃው አዲስ ዓመት ልጁን ይዤ ልመጣ ነው፤ ከተወለደ መቶ ቀን የሚሞላበትንም በዓል እዚያው እናከብርለታለን። ግን አባዬ፣ እንዳትዋሸኝ። ቤቱ አሥራ ስምንት ዲግሪ ካልሞላ አማቶቼ ጋ እሄዳለሁ። እነሱ ቤት በቲሸርት ነው የሚዋለው።»

ክቡርነታቸው ይህን መልእክት ደጋግመው ሰሙት። የልጅ ልጃቸውን ከስልክ መስታወት በስተቀር አይተውት አያውቁም ነበር። ጣታቸውን በምስሉ ጉንጭ ላይ ሲያሳርፉ ምስሉ ይጠፋና ሌላ ነገር ይከፈት ነበር፤ በዚህም ስልኩን ይራገሙ ነበር። የአማቶቹ ስም ሲነሳ ደግሞ ደማቸው ፈላ፤ ብቸኛው በነፃ ያገኙት ሙቀት ይህ ነበር።

ወእምዝ፣ እውነተኛው ብርድ መጣ። የምግብ ዘይቱ በጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ቆመ። በመስኮቱ ውስጠኛ በኩል የበረዶ አበባ በቀለ። ቀኛዝማች ፕላስቲኩ ደርቆ ተሰነጠቀ፤ ግራዝማችም አልቅሶ አልቅሶ ባዶ ሆነ። አፈ ንጉሥ ቴርሞሜትሩ አሥራ አንድ ዲግሪ ተናገረ። ክቡርነታቸውም አፈ ንጉሥ የንጉሡን ፈቃድ እንጂ የራሱን ሐሳብ ሊናገር እንደማይገባው ገሥጸው፣ ከግድግዳው አውርደው፣ ከሚፈላው ማንቆርቆሪያ አጠገብ አቆሙት። ወዲያው ሃያ ስድስት አለ። ፎቶ አንስተው ወደ ዳሊያን ላኩት።

ሚያኦ ዩጄን ይህን አይታ፣ እስከ ደረጃው በሚሰማ ድምፅ አወጀች፦ «ልጁ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነው የሚተኛው? ንገረኝና ፍራሹን እዚያ ላንጥፍለት!»

ክቡርነታቸው ግን ስሕተቱ የጎረቤቶች እንጂ የስልቱ እንዳልሆነ ያምኑ ነበር። ጎረቤት ሰንፏል፤ ጎረቤት ማሞቂያውን ቀንሷል። ስለዚህ በሕንፃው የስልክ ግሩፕ ላይ ለሕዝቡ እንዲህ የሚል አዋጅ ለቀቁ፦ «ውድ ጎረቤቶቼ! ብርዱ ጠንክሯል። ለራሳችሁ ስትሉ ማሞቂያችሁን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። በጤና አይቀለድም። ይህን የምለው ለእናንተ አስቤ ነው።»

እትዬ ፌንግ ወዲያው መለሱ፦ «ቶንግ እውነቱን ነው! በተለይ ከእኔ በታች ያላችሁ ክፈቱ እንጂ፤ ወለሌ ላይ እኮ በበረዶ ጫማ መንሸራተት ይቻላል!»

ጂያም ተከተለ፦ «በተለይ ከእኔ በላይ ያላችሁ! ጣሪያዬ ላይ ሥጋ ብሰቅል እስከ ፀደይ አይበላሽም!»

አስተዋይ ሰው በዚህ ጊዜ አንድ ነገር በጠረጠረ ነበር። ክቡርነታቸው ግን ሁለቱም እርስ በርስ የሚሰዳደቡ መስሏቸው፣ በመካከላቸው ያለው ቤት የማን እንደሆነ ለመቁጠር ሳይደክሙ፣ ሁለቱንም በአውራ ጣት ምልክት አመሰገኑ።

ከዚህ በኋላ የላይኛውን ግንባር በዓይናቸው ሊያዩ ቆረጡ። ያገራቸው ሰው ባዶ እጁን የሰው ቤት አይገባምና ከጋኑ ጎመን አውጥተው በሳህን ያዙ፤ ዓላማቸው ግን ሳህኑን ሰጥተው፣ በወሬ መሀል እጃቸውን በመጋረጃው ጀርባ ሰድደው የፌንግን የብረት ማሞቂያ መንካት ነበር። ሱሪዎቹ ስለማያራምዱ ደረጃውን በጎን በጎን እየወጡ ዘመቱ። የተከተላቸው ሠራዊት ሚስታቸው ብቻ ነበረች፤ እርሷም የተከተለችው ጉዱን ለማየት ነው።

እትዬ ፌንግ በሩን የከፈቱት የጠጉር ቆብ አድርገው፣ በቤት ውስጥ ጓንት አጥልቀው ነው። «ግባ፣ ግባ» እያሉ የክቡርነታቸውን ጉንጭ በሁለት እጃቸው ያዙ። ክቡርነታቸው ይህን እንደ ፍቅር ቆጥረው ተገረሙ፤ ሴትየዋ ግን ጓንቱን አውልቀው ጉንጩ ምን ያህል እንደሚሞቅ እየለኩ ነበር። በዚያው ቅጽበት የክቡርነታቸው እጅ በመጋረጃው ጀርባ ደርሶ ብረቱን ነካ። ብረቱ ከወንዙ የወጣ ይመስል ነበር።

ሁለቱ እንዲህ ጉንጭና ብረት ተያይዘው ሳሉ ጂያ መጣ። ካፖርት ለብሶ፣ ሥጋ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀለውን ጂያኦዚ እየጨሰ በሳህን ይዞ፤ አራተኛ ፎቅ አንኳኩቶ ሰው ስላጣ ድምፅ ተከትሎ የወጣ ነው። ማንም እንዲበላ ሳይጋበዝ ሦስቱም እጃቸውን እንፋሎቱ ላይ ዘረጉ። ከዚያ ተያዩ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ አወጁ።

«አንተ ስለምታሞቅ እኮ ነው የዘጋሁት!» አሉ ፌንግ። «ባልና ሚስት ናችሁ፣ የፋብሪካ ጡረታ አላችሁ፣ እንዴት ትዘጋለህ? አታፍርም?»

«እኔስ?» አለ ጂያ። «ጋሽ ቶንግ ብርድ አይችሉም፤ መቼም አይዘጉም ብዬ በእርስዎ ተማምኜ! ጉድ ሠሩኝ እኮ!»

«ሌቦች!» አሉ ክቡርነታቸው ከልባቸው ተቆጥተው። «ሙቀቴን ልትሰርቁ!»

«የቱን ሙቀትህን?» አለች ሚያኦ ዩጄን ከበሩ ላይ ሆና። ከቀኝ በኩል ያሉት ጎረቤቶች ብርዱን ሽሽት ገና በመስከረም ወደ ሃይናን ደሴት መሄዳቸውን፣ የግራውም ቤት ከተገዛ ጀምሮ ሰው ገብቶበት እንደማያውቅ የነገረቻቸውም ያኔ ነው። ይህን ለመጠየቅ እስከዚያ ማንም አላሰበም ነበር። እንዲህ ሆኖ ሦስት ቤቶች፣ አንዱ ከአንዱ የሌለ ነገር እየሰረቁ፣ የበረዶውን ወራት አጋምሰውታል።

ከዚህም የባሰ ነገር ነበረ፤ ሦስቱም ጂያኦዚውን ሲውጡ አብረው ገባቸው። ቀድሞ የከፈተ ሙሉውን ይከፍላል፤ ያልከፈቱት ደግሞ በእርሱ ይሞቃሉ። ፌንግ «ቶንግ፣ አንተ መሀል ነህ፤ ጀምር፣ እኛ እንከተልሃለን» አሉ፤ ራሳቸውም አላመኑትም። ጂያ የትምህርት ቤቱ ደመወዝ ሲመጣ እንደሚያስብበት ተናገረ። ክቡርነታቸው ያመጡትን ጎመን ከነሳህኑ መልሰው ይዘው ወረዱ።

ወእምዝ፣ ታላቁ መጠባበቅ ሆነ። ሦስቱም ማለዳ ማለዳ ቧንቧቸውን በጣታቸው እየነኩ፣ ከሦስቱ ማን እንደ ተሸነፈ ያዳምጡ ነበር። ክቡርነታቸው የሚሰማቸው ብርድ አጥንት ቢነካም፣ ፌንግ በእርሳቸው ገንዘብ እግራቸውን ሲያሞቁ ማሰብ ግን ከአጥንት አልፎ ይገባ ነበር። እንዲያውም አንድ ጊዜ፣ ጂያ ሲያስነጥስ በወለሉ ሰምተው፣ ከብዙ ቀን በኋላ ፈገግ አሉ።

ከዚያ ሹዌሜይ ድምፅ ላከች። ቁጣ አልነበረበትም፤ ይህም የከፋ ነበር። «አባዬ፣ የላክኸው ፎቶ ጥግ ላይ የማንቆርቆሪያው አፍንጫ ይታያል። ዛሬ ትኬት እቆርጣለሁ። ወደ አማቶቼ ልቁረጥ?» ከበስተጀርባ ልጁ ሲያጉረመርም ይሰማል፤ ጡት ጠግቦ እንደሆነ ወይም አያቱን እየታዘበ እንደሆነ ጸሐፊው አያውቅም። ሚያኦ ዩጄን ስልኩን ከባሏ ፊት አስቀምጣ፣ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ስባ አወጣች፤ ወደ የትኛው ቤት እንደምትሄድ አልተጠየቀችም።

እነሆ ሥዩመ ቧንቧ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ፊታውራሪ ብርድ ልብሱን ወደ ጎን ገፍተው፣ በሩን በርግደው ወደ ደረጃው ወጡ። ከላይ የፌንግ በር በስንጥቅ ተከፍቶ ነበር፤ ከታች የጂያ በር በስንጥቅ ተከፍቶ ነበር፤ በሁለቱም ስንጥቅ ትንፋሽ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ኦ ሞአ ብርድ! ኦ ጎረቤቱን ሁሉ ከብቦ በራሱ ከበባ የተራበ ጀግና! ከፋብሪካው ጎማ የበለጠ የተለጠጠ፣ ከጎመኑም የበለጠ የኮመጠጠ! ያልነበረን ምርኮ ለመማረክ የዘመተ፣ አፈ ንጉሡን በእንፋሎት ያስዋሸ፣ ካልሲውን ለሀገር መከላከያ የሰጠ! ቀዳሚዎችህ ምሽግ ሰብረው ገቡ፤ አንተ ግን የገዛ ቤትህን በረዶ አድርገህ በውስጡ ነገሥህ። ትውልድ ሁሉ የአንተን ታሪክ ሰምቶ ካፖርቱን ይቆልፍ!

ክቡርነታቸውም የደረጃውን ብረት በጓንታቸው ጨብጠው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሰባቱ ፎቅ እስኪሰማ ድረስ አወጁ፦

«ስሙ፣ እናንተ የሰው ሙቀት ቀበኞች! አሁን ሄጄ ሙሉውን ከፍዬ አስከፍታለሁ! የልጅ ልጄ እዚህ ይመጣል እንጂ የትም አይሄድም! እትዬ ፌንግ፣ ወለልዎ ላይ እግርዎን ዘርግተው ይተኙ፤ ይሁን፣ ሴት ነዎት፣ አርጅተዋል! ጂያ፣ አንተ ግን አትሳቅ! ካንተ አልጋ በላይ ያለችውን የትንሿን ክፍል ማሞቂያ በገዛ እጄ ጠርቅሜ እዘጋታለሁ፤ እኛ ከነሕፃኑ ሳሎን ውስጥ ተደራርበን እንተኛለን!»