ለሰገራ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሆድ ካገር ይሰፋል ይላል ያገሬ ሰው። የታመመ ሆድ ግን ከሽንት ቤት አያልፍም።

ከድንበር ማዶ እኛ በምንሠራባት የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 1 በሚባል ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡ፣ ጋሽ አብዱ የሚባሉ የድሬዳዋ ሰው አሉ። ጉንፋን በያዛቸው ቁጥር አንቲባዮቲክ ራሳቸው ገዝተው እንደ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ማን ተው ይበላቸው? በመጨረሻ ተቅማጥ ያዛቸውና አልለቅ አለ። ሐኪሙ፣ ክኒኑ ከክፉው ጀርም ጋር ደጉንም ጠርጎታል አላቸው። ይኼ የመጣው ደግሞ ድሬዳዋ ያለችው ልጃቸው ኒካህ ሊታሰርላት ሲል ነው። አባት ካልተገኘ እንዴት ይሆናል? አውቶቡሱስ በየቁጥቋጦው ይቆምላቸዋል?

እኔ የቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ፈረንሳይኛ የለመድኩት ፈረንጅ አሠሪዎቼ ከሚጥሉት መጽሔት ነው። እዚያ ላይ አንድ ምርምር አነበብኩ። የጤነኛ ሰው ሰገራ ተመርምሮ፣ ተጣርቶ በሽተኛው አንጀት ውስጥ ይገባል አሉ። ደጎቹ ጀርሞች ተመልሰው ይሰፍራሉ። ሄጄ ነገርኳቸው። አስተግፊሩላህ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። መልሰው ወደኔ ዞሩና፣ «የማን?» አሉ።

ከዘመድ እንዳይባል ቤተ ዘመዱ ሁሉ የጨጓራ በሽተኛ ነው። ትርንጎ ትዝ አለችኝ። ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የፈረንጆች ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። የፈረንጆቹን የሻገተ አይብ በሚጥሚጣ በልታ እንደ ሕፃን ትተኛለች። ጋሽ አብዱ ግን፣ እንዲህ ያለ ነገር በመንገድ አይጠየቅም ብለው ሁለት ሽማግሌ ላኩ። እኔም አስረጂ ሆኜ ተከተልኩ።

ሽማግሌዎቹ ከጋሽ አብዱ ተልከን ነው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ትርንጎ ነጠላዋን አስተካከለች። ለትዳር የመጡ መስሏት፣ ጋሽ አብዱ ሚስት የላቸውም እንዴ አለች። አስረዳኋት። ነጠላዋን እንደገና አስተካከለችና፣ «የታሰብኩት እኔ ብቻ ነኝ?» አለች። አንቺ ብቻ አልናት።

«እንግዲያው ዘመድ ላማክር። ስጠራችሁ ትመለሳላችሁ።»

ኒካሁ ደርሷል ብንላት፣ ሴት ልጅ አትጣደፍም አለች።

በመካከሉ ሐኪሙ ወሬው ደረሰውና መነጽሩ እስኪወድቅ ሳቀ። ይኼ በትልልቅ ሆስፒታል የሚጠና ነገር ነው፣ በሰፈር ሽማግሌ አይሆንም ብሎ ሌላ መድኃኒት አዘዘ። ጋሽ አብዱ ዳኑ። ድሬዳዋ ሄደው ኒካሁ እስኪያልቅ አንዴም ሳይነሱ ተቀመጡ። ለትርንጎ ግን ማንም አልነገራትም።

ስትጠራን ሄድን። ለካስ ለክብሯ ስትል ቅቅል አትክልት ብቻ ስትበላ ከርማለች። ገና ከደጅ፣ «ዘመድ ፈቅዷል» አለችን። ሽማግሌዎቹ እኔን አዩኝ። መርዶ ሲሆን ለሴት ይተዋል አይደል? በመድኃኒት ድነዋል አልኳት።

«እሰይ፣ እንኳን ማራቸው» አለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ጎተተችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«እውነቱን ንገሪኝ፤ የማንን ወሰዱ?»