እትዬ ሸሪፋ መጨረሻውን አያዩም

የምሥራች። ሸሚዙ ተለበሰ። ማን ሰፍቶት ማን እንደለበሰው እነግራችኋለሁ፤ ብቻ አስቀድማችሁ «ምሥር ብላ» በሉኝ፣ ቸኩያለሁ።

በየሰፈሩ አንድ አለቀ ባይ አለ። ዝናብ ሲዘገይ «አለቀልን»፣ ሲዘንብ «ጠራርጎ ሊወስደን ነው»፣ ወጡ ሲጣፍጥ «ነገ ይህን አናገኘውም» የሚል። እኛ ከደሴ ፒያሳ ጀርባ የምንኖረው ግን ዕድላችን ከሁሉ ይበልጣል፤ የደረሱን የአለቀ ባዮች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ የተስፋ መቁረጥ ቋሚ ተጠሪ፣ ክብርት እትዬ ሸሪፋ ናቸው። ግድግዳ ለግድግዳ ነን። ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ስላቸው፣ «ምን ማደር አለ፣ ነጋብን እንጂ» ይላሉ። አንድ ጊዜ አዲስ የተወለደ ጥጃ አይተው «ይሄ አይቆይም» ብለው ነበር፤ ጥጃው ዛሬ በሬ ሆኖ ገራዶ ሜዳ ላይ ያርሳል።

ሲኒማ ግን ይወዳሉ። በጥቅምት የጦሳ ተራራ ብርድ ቁልቁል ሲለቀቅብን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽምብራ ቆሏቸውን በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ከእኔ ጋር የህንድ ፊልም ይገባሉ። ሰው በሰው ላይ ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥ ይሞቃል። ዋናው ተዋናይ ገና ብቅ ሲል «ይሄ ልጅ ይሞታል» ይላሉ፣ ረድፉ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ይነሳሉ። «ሲሞት አላይም፣ ና እንውጣ።» በር ጠባቂው ደምመላሽ ለምዷቸዋል፤ ሰዓቷን ጠብቆ የበሩን መጋረጃ ይገልጥላቸዋል። በዚህ ሁሉ ዓመት እትዬ ሸሪፋ የአንድም ፊልም መጨረሻ አላዩም። በእሳቸው የተነሳ እኔም አላየሁም።

አንድ ልጃቸው ጀላል አምና ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድም እንዲሁ ነበር። መኪናው ሳይነሳ ፊታቸውን አዙረው ቤታቸው ገቡ።

«አብሽሩ እትዬ» አልኳቸው።

«ምኑን ላበሽር? አለቀ አልኩህ እኮ።»

ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። ዓርብ ዕለት ግን ጎረቤታችን ሹፌሩ እንድሪስ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ጀላልን መንገድ ላይ አግኝቶት መጣ። ጦሩ እሁድ ኮምቦልቻ ላይ አልፎ ወደ ሰሜን ይሄዳል። «እናቴ ከመንገዱ ዳር ትቁምልኝ» ብሏል።

እትዬ ሸሪፋ፣ «አይመጣም፤ ቢመጣም አይቆምም፤ ቢቆምም እኔ አልሄድም» አሉ። ይህን ብለው ሳጥናቸውን ከፈቱ፤ የቀበሌው ሱቅ ያደለንን ጨርቅ አወጡ። ያ ቡኒ ባለመስመሩ ነው፤ የሊቀመንበሩ ሱሪ፣ የሚስቱ ቀሚስ፣ የስብሰባ አዳራሹም መጋረጃ የሆነው። እትዬ ሸሪፋ በዕድሜያቸው ከቁልፍ በቀር ሰፍተው አያውቁም።

«ለልብስ ሰፊ አይሰጡትም?»

«እስኪደርሰኝ ልጁ ያልፋል። ና፣ ቁም።»

የጀላል ልክ እኔ ሆንኩ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ሸንበቆ ነው፣ እኔ ባለ ቦርጭ ነኝ።»

«ሆድህን አግባ።»

አገባሁ።

«ጨምር።»

«ከዚህ በላይ ከገባ በጀርባዬ ይወጣል።»

«ዝም በል፣ ትንፋሽህ ልኩን አበላሸብኝ። ለነገሩ ለማን ብዬ ነው የምለፋው? አለቀ።»

ቅዳሜ ሸሚዙ ገና እጅጌው አልተገጠመም። ሲኒማውም የሚቀር አይደለም። ይዘውት ገቡ። ከሸራው በሚመጣው ብርሃን፣ ቆሏቸውን በአንድ ጉንጫቸው ይዘው፣ ጉልበታቸው ላይ እየሰፉ ያያሉ። «ይሄ ልጅ ይሞታል» ብለው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ሊያልቅ ሲል ደምመላሽ መጋረጃውን ገለጠ፣ እትዬ ሸሪፋም ሸሚዙን ይዘው ተነሱ። እኔም ሳላስበው ተጎትቼ ተነሳሁ። እጅጌውን ከኮቴ ጋር ሰፍተውታል፤ ያውም በድርብ ክር።

«ቅደደው» አሉኝ።

«ኮቴን?»

ከኋላችን «ኧረ ቁጭ በሉ፣ ጋረዳችሁን» ተባልን። ተቀመጥን። እናትየዋ የጠፋ ልጇን ባቡር ጣቢያ አገኘችው። እትዬ ሸሪፋ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው መብራቱ እስኪበራ አዩ። ሸሚዙ ጎኔ ላይ እንደተንጠለጠለ ፒያሳን ስናቋርጥ «ውሸት ነው» አሉ። ጥቂት ሄደው ደግሞ፣ «ሁሉም እንዲህ ነው እንዴ የሚያልቀው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ ምን አውቄ።

ማታውን ሸሚዙን ከኮቴ ፈትተው ጨረሱት። ዛሬ እሁድ «አልሄድም» እያሉ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ከመንገዱ ዳር ተቀመጥን። ፀሐዩ ያቃጥላል። ቀትር ላይ መኪኖቹ መጡ፤ ልጆች እንደ እንጨት ቆመው ተጭነውባቸዋል። አይቆሙም። ሌሎች እናቶች የልጆቻቸውን ስም ይጣራሉ፤ የሚመልስላቸው የለም። እትዬ ሸሪፋ የማንንም ስም አልጠሩም። አቧራው እየበዛ መኪናው እየሳሳ ሲሄድ ሸሚዙን አጥፈው ጉያቸው ከተቱ።

«ተነስ እንሂድ። ሲያልፍ አላይም።»

«አልነሳም እትዬ፤ ተሰፍቻለሁ።»

ትክ ብለው አዩኝ። ተመልሰው ተቀመጡ።

ከመጨረሻዎቹ አንዱ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቀዝቀዝ አለ። «እማዬ» የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ ሸሪፋ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም፤ ዛሬ አየሁ። ጀላል ጎንበስ ብሎ ሸሚዙን ተቀበላቸውና ከወታደር ልብሱ ላይ ደረበው። ለሁለት ሰው ይበቃል፤ በነፋሱ እንደ ድንኳን ተነፋ። ጓደኞቹ ሳቁበት፣ እሱም ሳቀ።

«ቆልፈው ልጄ፣ ይበርድሃል» አሉት፣ በዚያ ሐሩር።

መኪናው ኩርባውን ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ ቆመው አዩት።

አውቶቡስ ውስጥ ስንገባ «አለቀ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «አሁን በእርግጥ አለቀ። አይመለስም።» አብሽሩ ማለት አቃተኝ፤ ከዚያ መንገድ የተመለሰው ስንት እንደሆነ ሰፈራችን ያውቃል። ሐረጎ ዳገት ላይ ጀርባዬን አንድ ነገር ነካኝ። የተረፈውን ጨርቅ ዘርግተው በስንዝር ይለካሉ።

«ያኛው ተትረፈረፈበት። ይሄን ሲመጣ ይለብሰዋል፣ ከመጣ። አይመጣም እንጂ። ሆድህን አግባ።»

አላገባሁም። እንዲያውም ነፋሁት። ይትረፍረፍ፤ ልጁ ሞልቶ፣ ቦርጭ አውጥቶ ይልበሰው።

ገና ከአውቶቡስ መውረዴ ነው። አሁን ደምመላሽ ጋ ልሩጥ፣ የማታው ፊልም ሳይጀመር፤ ከእንግዲህ ያን መጋረጃ እንዳይገልጥ ልንገረው።