የጋሽ አዳነ ኮምፒውተር እና የእኔ ሽማግሌዎች

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ ሰኞ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት።

ተዋረድኩ ጓዶች። በሰው ግቢ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ሊኑክሴ!

ለማታውቁኝ፦ ገንዳ ውሃ ከተማ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ግን በባዮሎጂ የሚያውቀኝ የለም፤ ከተማው የሚጠራኝ "ሊኑክሱ" ብሎ ነው። ኮምፒውተር ገዝቶ ከእኔ ያመለጠ ሰው አለ? ፍላሽ በሰካ ቁጥር ቫይረስ የሚሞላበትን ሁሉ "አምጣው፣ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ልጫንልህ" እለዋለሁ። ቫይረስ አይነካውም፣ አይበላሽም፣ አያስቸግርም እያልኩ እሰብካለሁ።

አያስቸግርም ያልኩትን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ጋሽ አዳነ ልውሰዳችሁ። ጋሽ አዳነ እርሻቸው ሽንፋ በኩል፣ ቤታቸው ግን እዚሁ ገንዳ ውሃ የሆነ የሰሊጥ ባለሀብት ናቸው። ሲቆጡ አይጮኹም። ዝም ነው የሚሉት፣ እሱ ደግሞ ይብሳል። ልጃቸው ሰላማዊት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት።

ሰላማዊትን እወዳታለሁ። እሷም ትወደኛለች። (ይህን ስታነቢ አትካጂ።)

በሚመጣው ሳምንት እሑድ ሽማግሌ ልልክ ነው። ጋሽ አዳነ ያውቃሉ? ያውቃሉ። ማወቃቸውን አውቃለሁ? አሳምሬ። ግን ሽማግሌዎቹ ደጃፍ እስኪቆሙ ድረስ እሳቸውም እኔም ምንም አናውቅም። ደንቡ ነው።

እስከዚያው ድረስ ታዲያ አማች ለመሆን ያሰበ ሰው ምን ይዞ ብቅ ይላል? ብልህ ሰው ማር ይዞ ይሄዳል። እኔ ሊኑክስ ይዤ ሄድኩ።

ባለፈው ቅዳሜ አዲስ የገዙት ላፕቶፕ ላይ ጫንኩላቸው። ደስ አላቸው። ያልወደዱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥግ ላይ ያለውን ቀን።

"ይኸ 2016 የሚለው የማን አገር ዓመት ነው?" አሉኝ። "ሰዓቱስ? ገና በአራት ሰዓት አሥር ይላል።"

"የፈረንጅ አቆጣጠር ነው ጋሼ።"

"ቤቱ የእኔ ነው። ፈረንጅ የለበትም።"

እናንተ ብትሆኑ እምቢ ትሉ ነበር? በእጄ አስተካከልኩላቸው። ግንቦት ዘጠነኛ ወር ነውና ወሩን ዘጠኝ፣ ዓመቱን 2008፣ ሰዓቱንም በእኛ። ኮምፒውተሩ ተመልሶ እንዳያበላሽባቸው ደግሞ ቀኑን ከኢንተርኔት እየወሰደ የሚያስተካክለውን ነገር አጠፋሁት። መረቁኝ። ሰላማዊት በመስኮት አየችኝና ሳቀች። እኔም በዚያው ደስታ ነገሩን ረሳሁት።

እናንተ እንዳትረሱት።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ አዳነ ደወሉ። ትራክተራቸው የናፍጣ ፓምፑ ተበላሽቶ ሜዳ ላይ ቆሟል። ዝናቡ ደርሷል፣ መሬቱ አልታረሰም። ሐጂ ኢድሪስ የሚባሉ ከድንበር ማዶ የገላባት ነጋዴ ወዳጃቸው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ፓምፕ አግኝተው ፎቶውን በኢሜይል አስልከውላቸዋል። ሰውየው ራሳቸውም ለሌላ ጉዳይ መጥተው እዚያው ግቢ ተቀምጠዋል። ጋሽ አዳነ ፎቶውን አይተው "አዎ፣ እሱ ነው" ካሉ፣ ሐጂ ድንበሩ ሳይዘጋ ተሻግረው ያስልኩታል። ካላሉ ሌላ ሰው ይወስደዋል።

"ሞደም አስመጥቻለሁ፤ ና ክፈትልኝ" አሉኝ።

ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ሲያይ የመጀመሪያው ቀን ነው። እኔም ለሽማግሌዎቼ መንገድ የምጠርግበት ቀን መጣ ብዬ ሸሚዝ ቀይሬ ሄድኩ።

(ኢንተርኔት ቤት የለም ወይ ለምትሉ፦ መብራት በከተማው ጠፍቷል፣ ጄኔሬተር ያለው እሳቸው ቤት ነው። ደህናው ስልኬ ጎንደር ጥገና ላይ ነው። የራሴ ላፕቶፕ? እሱ ላይ አዲስ ሊኑክስ እየሞከርኩ ነው። አትጠይቁኝ።)

ኒም ዛፉ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ወጥቷል። ሐጂ ኢድሪስ በገመድ የተሠራው አንግረብ አልጋ ላይ ጋደም ብለው ከርከዴ ይጠጣሉ። ጋሽ አዳነ ከጀርባዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከጀርባ መቀመጣቸው ራሱ ያልባል።

ሞደሙን ሰካሁ። ገባ። ብሮውዘሩን ከፈትኩ። ተከፈተ። የኢሜይሉን አድራሻ ጻፍኩ።

"ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም" የሚል ማስጠንቀቂያ።

ሌላ ገጽ ሞከርኩ። ያው። ሦስተኛ ሞከርኩ። ያው።

ማስጠንቀቂያው ሥር በትናንሽ ፊደል ምክንያቱ ተጽፏል። ደህና ሰው ቢሆን ያነበዋል። እኔ ግን ኤረር አላነብም፤ ኤረር ሳይ እዘጋለሁ። ለተማሪዎቼ "ጥያቄውን ሳታነቡ መልስ አትጻፉ" እያልኩ ዓመቱን ሙሉ የምጨቀጭቅ ሰው ነኝ እንግዲህ።

እና ምን አደረግሁ? ተርሚናል ከፈትኩ።

ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ። ሐጂ ኢድሪስ ከአንግረቡ ቀና አሉ። ሰላማዊት ከርከዴ ልትጨምር መጥታ ቆመች። ወንድ ልጅ ሰው ሲያየው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ብሮውዘሩን በ"ሱዶ" ላስነሳው ወሰንኩ።

ሱዶ ማለት በአጭሩ "በአለቃ ሥልጣን አድርግ" ነው። አለቃ ሲያዝዘው እምቢ አይልም ብዬ ነው። ፓስወርድ ጠየቀኝ። ሊኑክስ ተርሚናል ላይ ፓስወርድ ሲጻፍ ምንም አያሳይም፣ ኮከብ እንኳ የለውም።

"አልጻፈም" አሉ ጋሽ አዳነ።

"ጽፌያለሁ ጋሼ። አይታይም እንጂ።"

"ምን ብለህ ጻፍህ?"

እንዳልሰማ ወደ ኪቦርዱ ጎንበስ አልኩ።

"ዕቃው የእኔ አይደለም እንዴ? ነገ አንተ ባትኖር ምን ብዬ ልከፍተው ነው?"

እውነታቸውን ነው። መሬት መሬት እያየሁ "ሰላማዊት" አልኩ። ከኋላዬ ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ተንጫጩ።

ጋሽ አዳነ ዝም አሉ። ያ ዝምታ መጣ።

ከዚያ በኋላ በእጄ የጻፍኩትን አላስታውስም። ብሮውዘሩ በአለቃ ሥልጣን ተነሳ፣ ያንኑ ማስጠንቀቂያ አሳየ፣ ዘጋሁት። እንደ ወትሮው ልክፈተው ብዬ ምልክቱን ስነካ ግን ጭራሽ አልነሳም አለ። "ፕሮፋይልህን መክፈት አልተቻለም" ብሎ ጠፋ። ደግሜ ነካሁት። ጠፋ።

"ቅድም እኮ ይከፈት ነበር" አሉ ጋሽ አዳነ።

ነበር።

አሁን ሆኜ ሳስበው ነገሩ ግልጽ ነው። በአለቃ ስም ስከፍተው የጋሽ አዳነን ፋይሎች የአለቃ ንብረት አድርጓቸው አረፈ። ጋሽ አዳነ በራሳቸው ስም ሲመጡ ታዲያ በገዛ ቤታቸው "ማን ልበል?" ተባሉ። ያኔ ግን ይህ ሁሉ የት ታይቶኝ! ኮምፒውተሩን ሪስታርት አደረግሁ። ካሽ የሚሉትን የብሮውዘሩን ጊዜያዊ ፋይል ዲሌት አደረግሁ። ሞደሙን ነቅዬ ሰካሁ፤ ሞደሙ ምን አደረገኝ?

ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ስድስት አለፈ። ድንበሩ ትዝ አለኝ፣ ላቤ በሸሚዜ ወረደ።

"መምህር" አሉ ጋሽ አዳነ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ። "ይኸ ነገር አይበላሽም አላልኸኝም?"

"አልተበላሸም ጋሼ። አልነሳም ብሎ ነው።"

"የእኔ ትራክተርም እኮ እንደዚሁ ነው። አልነሳም ብሎ ነው።"

ሰላማዊት ሳቋን አፍና ወደ ቤት ገባች። ጎትታኝ ብትገባ በወደድኩ።

እንደ ምንም ፋይሎቹን ለባለቤታቸው የሚመልሰው ኮማንድ ትዝ አለኝና ጻፍኩት። ብሮውዘሩ ተነሳ! እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

"ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም።"

ጠዋት የጀመርኩበት ቦታ ላይ ነኝ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የለፋሁት ራሴ ያበላሸሁትን ለመጠገን ነው። የመጀመሪያው ችግር ሳይነካ እዚያው ተቀምጧል።

እውነቴን ልንገራችሁ፣ እንባዬ መጣ። ነገሩ የፓምፕ ብቻ አይደለም። ትንሽ ነገር ይዤ ትልቅ አወራለሁ፣ ይህንንም ራሴ አውቀዋለሁ። ልጃቸውን የምጠይቃቸው ሰው ያንን እያዩ ነው።

ሐጂ ኢድሪስ ለመነሳት ጫማቸውን ይፈልጉ ጀመር። ሰዓቱን ሊያዩ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አሉና ቆዩ። ከዚያ ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"ወላሂ መምህር፣ አትድከም" አሉ። "እኔ ፎቶውን የላክሁት ዛሬ ነው። ይሄ ኮምፒውተር 2008 ላይ ነው፣ ሴፕቴምበር። ፎቶው ገና አልተነሳም!"

እኔም ለአክብሮት ያህል አብሬ ሳቅኩ። ሳቄ መሃል ላይ ቀረ።

ጥግ ላይ "ቅዳሜ 13/9/2008" ይላል። ቀኑ ልክ ነው። ወሩ በእኛ ልክ ነው። ዓመቱ ልክ ነው። በአጋጣሚ ቅዳሜነቱም ልክ ነው። ረፋዱን ሙሉ "ሰዓቱ ሄደ" እያልኩ የተጨነቅሁት በዚያው ሰዓት ነው። እኛ ግቢ ውስጥ ላለን ሁሉ ትክክል ስለሆነ ማንም አልጠረጠረውም። ለኢንተርኔቱ ግን ጋሽ አዳነ ከስምንት ዓመት በፊት ቁጭ ብለው ኢሜይል የሚጠይቁ ሰው ናቸው። እያንዳንዱ ገጽ መታወቂያ አለው፣ መታወቂያው የተሰጠበት ቀን አለው። ከስምንት ዓመት በኋላ የሚሰጥ መታወቂያ ይዞ ኬላ ላይ የመጣን ሰው ማን ያሳልፋል?

ያላነበብኩት ትንሹ ጽሑፍ ይህንኑ ነበር የሚለው።

"ጋሼ፣" አልኩ፣ "ፈረንጁን ለትንሽ ጊዜ ቤት እናስገባው?"

ቀኑንም ሰዓቱንም ወደ ፈረንጁ መለስኩ። 2016። ኢሜይሉ ወዲያው ተከፈተ። ፓምፑ ወጣ፣ ዝገቱ ሳይቀር ይታያል። ጋሽ አዳነ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

"እሱ ነው" አሉ።

ሐጂ ኢድሪስ ከርከዴያቸውን ጨርሰው፣ ትከሻዬን መትተው፣ እየሳቁ ወደ ድንበሯ መተማ ዮሐንስ መኪና ሊይዙ ወጡ። ታሪኩ ማታ ገላባት ሻይ ቤት እንደሚደርስ ጥርጥር የለኝም። እነሆ ዓለም አቀፍ ሆንኩ።

እኔም ሹልክ ልል ስነሳ ጋሽ አዳነ "ተቀመጥ" አሉ።

ተቀመጥኩ።

"ቀኑን እንዲያ አድርግ ያልሁህ እኔ ነኝ። ኢንተርኔቱን እንደሚያስቀይም አታውቅም ነበር?"

"አውቅ ነበር ጋሼ። እንዲያውም ለተማሪ አስተምሬዋለሁ። እርስዎን እምቢ ማለት ፈርቼ ነው፣ ከዚያ ረሳሁት።"

ዝም አሉ። ይህኛው ዝምታ ግን ትንሽ ቀለል ያለ መሰለኝ።

"ለወደፊቱ እምቢ በለኝ" አሉ። ቆይተው ደግሞ "ሌላም አለ። የሰው ልጅ ስም ሽማግሌ ሳይላክ ፓስወርድ አይደረግም።"

መሬት ብትከፈት ገብቼ በዘጋሁት።

"እሑድ ይምጡ። ሦስት ሰዓት ላይ።"

ሰማችሁ? ይምጡ! ከበሩ ጀርባ ትሪው እንደገና ሲንጫጫ ሰማሁ፤ ሰላማዊትም ሰምታለች ማለት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገና ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ለሽማግሌዎቼ እንዴት ያለ ደግ ሰዓት ነው ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

ጋሽ አዳነ ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ስክሪኑን በአገጫቸው አሳዩኝ።

"በእሱ ሰዓት" ብለው ገቡ። ፊታቸው ላይ ሳቅ የሚባል የለም።

በእሱ ሰዓት የቀኑ ሦስት በእኛ ዘጠኝ ነው። በግንቦት፣ ገንዳ ውሃ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፍየል እንኳ ከጥላ የማይወጣበት ሰዓት።

ይህን የምጽፈው መብራት መጥቶልኝ ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ነው። አንደኛው ሽማግሌዬ ርዕሰ መምህሩ ናቸው፣ ቢሯቸው ሁለት በር አልፎ ነው። ካፖርትና ነጠላ ለብሰው በዚያ ፀሐይ የሚቆሙት ሊኑክስ ስለማይበላሽ መሆኑን ምን ብዬ ልንገራቸው?