የአምስት ደቂቃ ቢጫ

መርዶ ነጋሪ ገና ከአረማመዱ ያስታውቃል ይላሉ። እኔ አላወቅኩም። ጎረቤቴ ሐጂ ይማምና የንስሐ አባቴ አባ ገብሬ በማለዳ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሬን ሲያንኳኩ ለእርቅ የመጡ መሰለኝ። ሁለቱ አብረው የሚዞሩት ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ነዋ። «ያ ሰውዬ በገንዳው ጉዳይ ከሰሰኝ ማለት ነው» አልኩ በሆዴ።

ምን ገንዳ ብትሉ፣ የዓሣ ገንዳ። ባለቤቴ ታደለ መካነ ሰላም ውስጥ ዕድሜ ልኩን ባዮሎጂ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ሌላው ጡረተኛ ንብ ያረባል፤ የኔው ከደሴ የመስታወት ገንዳ በሚኒባስ ጭኑ ላይ ታቅፎ መጣ። ልጆቻችንን እንኳ እንዲያ ታቅፎ አያውቅም። ሳሎን አስቀመጠው፣ ጠጠር አነጠፈበት፣ ውሃ ሞላው። ዓሣ ግን የለም።

«ውሃው አልደረሰማ» ይላል።

«ጠላ ነው እንዴ የሚደርሰው?»

ይደርሳል አለኝ። በየቀኑ ለሌለ ዓሣ ቁንጥር ምግብ ይበትናል። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል፣ መርዙን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ጠጠሩ ላይ ይራባሉ፣ እነሱ ሲበዙ ውሃው ዓሣ ያኖራል። ያን ለማወቅ በየጠዋቱ ትንሽ ውሃ በመስታወት ቱቦ ይቀዳና ከሁለት ጠርሙሶች ጠብታ ጨምሮ አምስት ደቂቃ ይጠብቃል። አረንጓዴ ከሆነ መርዙ አለ፤ ቢጫ ከሆነ ጠፍቷል። በየጠዋቱ አረንጓዴ። ሰፈሩ ዓሣ ሊያይ እየመጣ ውሃ አይቶ ይመለሳል። ሐጂ ይማም አንድ ቀን ገንዳውን ዙሪያውን ቃኙና «መምህር፣ ዓሣህ ዓይናፋር ናት መሰለኝ» አሉት። ከሁሉም ጮክ ብላ የሳቀችው ሚስቱ ናት፤ እኔው።

ይህ ሁሉ ሲለካ የራሱ ደም ግፊት አንድ ቀን ተለክቶ አያውቅም። ጤና ጣቢያው ከቤታችን የሚታይ ነው። ራሱን ሲያመው «ፀሐይ ነው» ይላል፤ ዝናብ እየዘነበ። እኔም አንድ ጊዜ «ተለካ እንጂ» ብዬ፣ «ምን ሆኜ?» ሲለኝ ተውኩት። በውሃው ቀለም ላይ ለመቀለድ ግን ጊዜ አጥቼ አላውቅም።

ስድስት ሳምንት ሲሆነው ዓሣ ፍለጋ ደሴ ወረደ። ሲወጣ ቱቦውን አስረከበኝ። «ነገ ጠዋት ለኪና ደውይልኝ። ቢጫ ከሆነ ገዝቼ እመጣለሁ፤ አረንጓዴ ከሆነ ባዶ እጄን።»

ሽማግሌዎቹ ሲገቡ እንግዲህ ጠብታውን ጨምሬ ሰዓት መቁጠር መጀመሬ ነበር።

«ልጄ፣ አንድ ነገር…» ብለው ጀመሩ አባ ገብሬ።

«አባ፣ አምስት ደቂቃ ይታገሱኝ። ሰዓቱ ካለፈ ቀለሙ ያሳስታል።»

ተቀመጡ። ሲሞላ ቱቦውን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረግኩት። ሐጂ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አረንጓዴ ነው?»

«የለም፣ ቢጫ ነው።»

«ወደ ቢጫው ያደላል» አሉ አባ ገብሬ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ደስ ብሎኝ ስልኬን አነሣሁ። ሐጂ ይማም ከእጄ ላይ ቀስ አድርገው ወሰዱት። «አብሽሪ» አሉኝ።

«ቢጫ ነው እያልኩዎት ምን አብሽሪ ይሉኛል?»

ስልኬን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ያኔ ገባኝ። ሌሊቱን ደም ግፊቱ ደሴ ላይ ጥሎት ነበር። እነዚያን አምስት ደቂቃዎች እኔ ገና ባለባል ነበርኩ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ትንፍሽ ሳይሉ ሰጡኝ።

ከዚያ ታላቅ እህቱ እትዬ ጥሩ ከአጅባር ደረሱ። «ይኼ የከረመ ውሃ ለቀስተኛ ፊት ይቀመጣል?» አሉና ስድስት ሳምንት የደረሰውን ውሃ ደጅ ደፉት። ጠጠሩን በበረኪና ፈተጉት፤ አንድ ባክቴሪያ አልተረፈም። ገንዳውን ደግሞ ንፍሮ ሞሉበት። በመስታወት ሲታይ ያምራል አሉ። ገንዳው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይ ነገር ያዘ። ለቀስተኛው እየመጣ አየው፣ ከዚያም በላው። ልቆጣቸው አልቻልኩም፤ ቀደም ብለው መጥተው ቢደፉት እኔው ነበርኩ የማመሰግናቸው።

አርባው ካለፈ በኋላ ገንዳውን አጥቤ፣ አዲስ ጠጠር አንጥፌ እንደገና ሞላሁት። ለሌለ ዓሣ ምግብ መበተን ጀመርኩ። ሰፈሩ «እሷንም ጀመራት» አለ። ሐጂ ይማም ግን በየጠዋቱ እየመጡ አብረውኝ አምስቷን ደቂቃ ይቀመጣሉ፤ ስለ ዓይናፋሯ ዓሣ ዳግመኛ አላነሡም። አረንጓዴ። አሁንም አረንጓዴ። ባለፈው ማክሰኞ ቢጫ ሆነ። ሐጂ ይማም እጃቸውን ወደ ስልኬ ሰደድ አደረጉና፣ እንዳላነሣሁት ሲያዩ መለሱት።

ዓሣውን ገና አልገዛሁም። ያን ዕለት ከሐጂ ይማም ጋር ጤና ጣቢያ ሄደን ደም ግፊታችንን ተለካን። የኔው ደህና ነው። ሐጂ ከፍ ብሎባቸው መድኃኒት ተሰጣቸው፤ «ፀሐይ ነው» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው እኔን አዩና ዘጉት።

እናንተም የላማችሁን ወተት፣ የመኪናችሁን ዘይት ለክታችሁ ስትጨርሱ ክንዳችሁን ለሐኪም ስጡ። መለኪያው ክንድ ጨምድዶ እስኪለቅ ትንሽ ያቆያል። ያችን ጊዜ ሥራ እንዳትፈቱባት፤ የታደለን ነፍስ ይማር በሉልኝ።