ከመስኮት ወደ መስኮት

መምህር ሆኖ የማይጠራጠር ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የተቀጠረ ነው፣ ወይ ጡረታ ወጥቷል። ተማሪ ሲስቅ በእኔ ነው እንላለን፤ ዝም ሲል ደግሞ ምን እየዶለተ ነው ብለን እንሰጋለን። የት እንደተቀመጠ፣ ከማን ጋር፣ ለምን? ይህን መመርመር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እኔም በዚህ ሙያ ራሴን እንደ ሊቅ እቆጥር ነበር።

ጎንደር ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው መካነ ብርሃን ስመደብ፣ ብርዱን ከቁም ነገር ሳልቆጥር (እስከ አፍንጫዬ በሻርፕ ተጠቅልዬ ማለቴ ነው) በቀጥታ ወደ ምርመራዬ ገባሁ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ትምህርት ሲጀመር በየቦታቸው ናቸው። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ጥቂት ጽፌ ስመለስ ግን፣ ጠዋት ከሆነ ቀኝ መስኮት ሥር ታጭቀዋል፤ ለሦስት በተሠራ ዴስክ አምስት ሆነው! ከሰዓት በኋላ ያው ሕዝብ ግራ መስኮት ሥር ይሰፍራል። እስቲ ፍረዱኝ፣ ይህ እንዲሁ የመጣ ነገር ነው?

ቀድማ የምትነሳው ደብሬ ናት፤ የክፍሉ አንደኛ። እሷ ስትነሳ ሌላው ይከተላል። ነገሩ ወዲያው ተገለጠልኝ፦ መልስ አዳይዋ እሷ ናት፣ የቀረው ቀጂ ነው። ወይስ እሷም ከሌላ ትቀዳ ይሆን? ይህንንም ጠረጠርሁ።

የእያንዳንዱን ስም በጠመኔ ዴስኩ ላይ ጻፍሁና ደብሬን ከበሩ አጠገብ፣ ጥግ ላይ፣ ብቻዋን አስቀመጥኋት። በሁለተኛው ሳምንት ውጤቷ አሽቆለቆለ። ይኸው አልሁ፤ ለካስ ስትቀዳ ኖራለች! በማግስቱ ወደ መስኮቱ ስትሾልክ እጅ ከፍንጅ ያዝኋትና ወላጅ ሳታመጪ ክፍል አትገቢም አልኋት። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሷል። ልጅቱ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ደብተሯን አቅፋ ወጣች። ዝምታዋንም ጠረጠርሁት።

አባቷ አያ ታከለ ሌሊት ተነስተው፣ ደብሬን አስከትለው፣ የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው ጠዋት ደረሱ። ከትምህርቷ ከቀረች መውደቋ እንደሆነ፣ ከወደቀች ደግሞ ዘመዱ ሁሉ ለባል ትሰጥ ብሎ እንደሚነሳባቸው፣ እሳቸው ግን እንድትማር እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። እኔም ማስረጃ አለኝ አልሁና ኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጠው በዓይናቸው እንዲያዩ ጋበዝኋቸው። ተማሪዎቹንም ዛሬ እንደፈለጋችሁ ተቀመጡ ብዬ ወጥመዴን ዘረጋሁ። እውነትም ገና ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ሳልጽፍ ክፍሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ተሰደደ።

ተማሪዎቹ እንደወጡ፣ አዩልኝ አይደል አልኋቸው። አያ ታከለ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ አይቻለሁ ልጄ አሉ፤ አንተ ብርድ ፈርተህ ፀሐይዋን ትከተላለህ፣ አፍህን ተጠቅልለህ ለመስኮቱ ታወራለህ፤ እነሱ ደግሞ ምን አለ እያሉ አንተን ይከተላሉ። እኔማ ከኋላ ሆኜ አንዲት ቃል አልሰማሁም አሉ።

ወደ እግሬ ባይ፣ የቆምሁት በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ ያረፈችባት አንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ነው። አፈርሁ፤ ከልቤ አፈርሁ። ሻርፔን ከአፌ አወረድሁና ደብሬ አሁኑኑ ትግባ፣ ያመለጣትንም እኔው አስጠናታለሁ አልኋቸው።

እሱስ ሸጋ ነው አሉ አያ ታከለ፣ ከዴስኩ ሳይነሱ። ግን ክፍሉን የሚያምሰው ሰው ወላጁን ሳያመጣ አይገባም ካልህ፣ ምነው ታዲያ ያንተ እናት ከጎንደር እስካሁን አልደረሱም አሉኝ።