የዶክተሯ ባል የክርስትና ልጆች

የሐኪም ሚስት ብዙ አይታችኋል። የሐኪም ባልስ? ካላያችሁ ላሊበላ ብቅ በሉ። እኔ አስጎብኚ ነኝ፤ አገሬው ግን በሙያዬ አይጠራኝም። ስሜ "የዶክተሯ ባል" ነው። ገበያ ስወጣ ምላሱን አውጥቶ የሚያሳየኝ አለ። እኔ ስለ ምላስ ምን አውቃለሁ? ቢሆንም አየት አድርጌ "ሐኪም ቤት ይሂዱ" እላለሁ። እስካሁን ተሳስቼ አላውቅም።

ሚስቴ ትዕግሥት የማዋለጃው ሐኪም ናት። ከሙጃ፣ ከገነተ ማርያም በቃሬዛ የመጣች እናት በሰላም ተገላግላ ስትሄድ፣ ቤተሰቡ ውለታዋን ሳይመልስ እንቅልፍ አይወስደውም። ዶክተሯ ደግሞ ስጦታ አትቀበልም። ታዲያ ምን ይደረግ? "ልጁን ክርስትና አንሺልን" ይሏታል። ሴት ከሆነች እሷ ታነሳለች። ወንድ ከሆነስ? ክርስትና አባት ያስፈልገዋላ! ባሏ አለ አይደል? እሷ ታዋልዳለች፣ እኔ አነሳለሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ያልቆምኩበት ሳምንት ጥቂት ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኛ ልጅ አልነበረንም። ከተጋባን ስንት ዓመታችን! ትዕግሥት የሰው ልጅ ስትቀበል ውላ ባዶ እጇን ስትገባ ቡናውን እኔ አፈላላት ነበር። እኔም ብሆን፣ ስለ ሕፃኑ ሆኜ ሰይጣንን ስክድ አለቅሳለሁ። የነፍስ አባታችን አንድ ቀን "አንተ ደግሞ ምን ሆንህ? ማልቀስ ያለበት ልጁ ነው!" ብለው ተቆጥተውኛል።

እነዚያ እናቶች ግን አልረሱንም። ዶክተር ስጦታ ትመልሳለች እንጂ ስለት አትመልስም! በየደብሩ ተሳሉልን። እግዜር ይስጣቸው፣ ዘንድሮ ትዕግሥት ሴት ልጅ ወለደች።

አራስ ጥየቃ የመጣው ሰው ቤቱን ሞላው። የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ያነሳሁላቸው የሙጃዋ እማማ ብርቄ ሕፃኗን ታቅፈው መረቋት፤ እንባቸውም መጣ። ድንገት ምርቃቱን አቋርጠው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ወየው ጉዴ! ልጄ፣ ይችን ልጅ ለማን ልትድራት ነው? የላስታን ወንድ ሁሉ ክርስትና አንስተህ ወንድሟ አደረግኸው እኮ!"

ሴቶቹ ሁሉ ደነገጡ። እኔ ሆዬ፣ ተመስገን አልኩ። ይህን ያህል ጠብቄ ያገኘኋትን ልጅ ደግሞ ማን ሊወስድብኝ ኖሯል?